ዲኑ የኮሚቴውን የውሳኔ ሐሳብ ወደ ጎን ቢተዉት በጅምላ መልቀቅ ይበጃል?

ጥያቄ፦ «የኮሌጃችን የሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴ አባል ሆኜ ከተመረጥኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ባለፈው መንፈቀ ዓመት ሁለት የትምህርት ፕሮግራሞች እንዲዋሃዱ ከዲኑ ጽሕፈት ቤት ሐሳብ ቀረበልን፤ ምክንያቱ የተማሪ ቁጥር መቀነስ ነው ተባለ። መንፈቀ ዓመቱን ሙሉ ስንወያይ ቆይተን፣ 9 አባላት በተገኙበት ስብሰባ በ4 ድጋፍ፣ በ3 ተቃውሞና በ2 ድምፀ ተአቅቦ ውህደቱ እንዳይካሄድ ወሰንን። ከሳምንታት በኋላ ግን ፕሮግራሞቹ እንዲዋሃዱ መወሰኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰን። ኮሚቴው ስላነሳቸው ነጥቦች አንድም ቃል የለበትም። ሰብሳቢያችን ‹እኛ አማካሪ ብቻ ነን› ይላሉ። ብዙዎቹ ባልደረቦቼ ደግሞ ሁላችንም በአንድ ቀን መልቀቂያ እናስገባ እያሉ ነው። ውሳኔያችንን መሻር ሕጋዊ ነው? ብንለቅስ?»

ምላሽ፦

መልቀቂያውን አታስገቡ። ይህን ከፊት የማስቀምጠው፣ በንዴት ቶሎ የሚወሰደውና ከተወሰደ በኋላ የማይመለሰው እርምጃ እሱ ስለሆነ ነው። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን በጥያቄው ውስጥ ተደባልቀው የቀረቡ ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ ኮሚቴው ምን ሥልጣን አለው፣ የሰጣችሁት ድምፅ በእርግጥ አልፏል ወይ፣ ዲኑስ ያጎደሉት ምንድን ነው።

የኮሌጅ ቋሚ ኮሚቴዎች በአብዛኛው ጉዳይ ያጠናሉ፣ የውሳኔ ሐሳብም ያቀርባሉ። የመጨረሻው ቃል እንደ ጉዳዩ የአካዳሚክ ኮሚሽኑ (የኮሌጁ የትምህርት ጉዳይ አካል)፣ የሴኔቱ (የዩኒቨርሲቲው ከፍተኛ የትምህርት ጉዳይ አካል)፣ የፕሬዚዳንቱ ወይም የቦርዱ ነው። ስለዚህ ዲኑ ከእናንተ የተለየ አቋም መያዛቸው ብቻውን ሕግ መጣስ አይሆንም። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፤ ፕሮግራም የማዋሃድ ሥልጣን የዲኑ ነው ወይስ የሴኔቱ? ፕሮግራም መክፈትን፣ መዝጋትንና ማዋሃድን ለሴኔት የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ናቸው። የእናንተም ደንብ እንዲህ የሚል ከሆነ፣ የተነካው ከእናንተ ኮሚቴ ይልቅ የሴኔቱ ሥልጣን ነው፤ አቤቱታውም ፈጽሞ ሌላ መልክ ይይዛል። ሰብሳቢያችሁ እጃቸውን ከማጣጠፋቸው በፊት የሴኔቱን ሕገ ደንብና ኮሚቴው የተቋቋመበትን ሰነድ አንቀጽ በአንቀጽ ማንበብ ነበረባቸው። አሁንም አልረፈደም።

ድምፁን እንመልከት። 4 ለ3፣ በ2 ድምፀ ተአቅቦ አለፈ ብላችኋል። አልፏል ወይ? ይህ የሚወሰነው በደንባችሁ ውስጥ ባለች አንዲት ሐረግ ነው። ደንቡ «ድምፅ ከሰጡት አብላጫው» ካለ ድምፀ ተአቅቦ አይቆጠርም፤ ከ7 ድምፅ 4ቱ ድጋፍ ስለሆነ ሐሳቡ አልፏል። «በስብሰባው ከተገኙት አባላት አብላጫው» ካለ ግን ከ9 ሰው 5 ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ 4 አይበቃም። ድምፀ ተአቅቦ ያደረጉት 2 አባላትም፣ ይወቁትም አይወቁት፣ ሐሳቡን ከተቃወሙት ጋር ተደምረዋል ማለት ነው። «ከጠቅላላው አባላት አብላጫው» የሚል ከሆነ ደግሞ የቀሩት ሰዎች ጭምር በስሌቱ ይገባሉ። ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱ ስብሰባውን ለማካሄድ ያስችላል እንጂ ይህን ጥያቄ አይመልስም። ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት ይህንን አረጋግጡ። በራሱ ስብሰባ ያላለፈ ሐሳብ ይዞ «ተሻረብን» ብሎ የሚጮህ ኮሚቴ የሚያጋልጠው ራሱን ነው።

በሕጉ በኩል ቢያልፍም እንኳ ክብደቱን አስቡት። ከ9 ሰው 4ቱ ብቻ የደገፉትን ሐሳብ የሚያነብ ኃላፊ፣ መምህራኑ ራሳቸው አልተስማሙም ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። መንፈቀ ዓመት ሙሉ ተወያይታችሁ እዚህ ላይ መድረሳችሁ የሚነግረኝ፣ ጥያቄው «ይዋሃዱ ወይስ አይዋሃዱ» ተብሎ እንደቀረበላችሁ በዚያው መልኩ ተቀብላችሁ መጓዛችሁን ነው። በነዚህ በሁለቱ መካከል ብዙ ነገር ነበረ፤ የመጀመሪያ ዓመት ኮርሶችን አንድ አድርጎ ዲግሪዎቹን ለየብቻ ማቆየት፣ በአንድ ፕሮግራም ሥር ሁለት የትኩረት ዘርፎችን መያዝ፣ ቤተ ሙከራና መምህራንን በጋራ መጠቀም፣ ወይም ውህደቱን በቅድመ ሁኔታ መቀበል። ከነዚህ በአንዱ ላይ 7 ወይም 8 ሰው የተስማማበት ሐሳብ ቢቀርብ ዲኑ በዝምታ ሊያልፉት በጣም ይከብዳቸው ነበር።

አንድ ያልነገሩን ነገር አለ፤ ከሚዋሃዱት ሁለት የትምህርት ክፍሎች የመጡ አባላት ድምፅ ሰጥተዋል? ከሰጡ የጥቅም ግጭት ጥያቄ ይነሳል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታይ መደነጋገር አለ። የኮሚቴ አባል እርሱን የመረጠው የትምህርት ክፍል ጠበቃ አይደለም፤ የክፍሉን ዕውቀት ይዞ መጥቶ ለኮሌጁ በአጠቃላይ የሚበጀውን ይመዝናል። የራሱ የሥራ መደብ በቀጥታ በሚነካ ጉዳይ ላይ ግን መረጃውን ሰጥቶ፣ ለጥያቄ መልስ ሰጥቶ፣ ድምፅ ሲሰጥ ከስብሰባው አዳራሽ መውጣት ይገባዋል። ይህ ከድምፀ ተአቅቦ የተለየ ነው። ድምፀ ተአቅቦ ያደረገ ሰው ተገኝቷል፤ በተሰብሳቢነት ይቆጠራል። ራሱን ከጉዳዩ ያገለለ ሰው ግን በብዙ ደንቦች ከተሰብሳቢ ቁጥር ይቀነሳል፤ ያኔ የአብላጫ ድምፁ ስሌትም ይለወጣል። ከእናንተ 2 ድምፀ ተአቅቦዎች አንዱ ወይም ሁለቱ ራሳቸውን ያገለሉ አባላት ከነበሩ ቃለ ጉባኤው በዚሁ ይስተካከል።

«አማካሪ ብቻ ነን» ወደሚለው ልምጣ። በደንቡ ፊደል ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሥራችን ዋጋ የለውም ከሚል መደምደሚያ ላይ መድረስ ግን ስሕተት ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1980 በየሺቫ ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ የሰጠው ፍርድ ይህን በሚገባ ያሳያል። መምህራኑ በማኅበር ተደራጅተን እንደራደር አሉ። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ እናንተ የሥራ አመራር አካል ናችሁ፣ እንደ ሠራተኛ የመደራደር መብት የላችሁም ብሎ ተከራከረ። መምህራኑ በሥርዓተ ትምህርት፣ በተማሪዎች ቅበላና በምዘና ላይ የሚሉት የሚጸና፣ በቅጥርና በእድገት ላይ የሚያቀርቡት ሐሳብም በአብዛኛው ተቀባይነት የሚያገኝ መሆኑን ያየው ፍርድ ቤት፣ የመጨረሻው ሥልጣን በወረቀት የአስተዳደሩ ቢሆንም፣ በ5 ለ4 ድምፅ የሥራ አመራር አካል ናቸው ሲል ፈረደ። ለመደራደር ለፈለጉት መምህራን ውጤቱ መራራ ነበር። እናንተ የምትወስዱት ትምህርት ግን ሌላ ነው፤ የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርብ አካል በጥሩ አሠራር ምክንያት፣ ፍርድ ቤት እንኳ እንደ ወሳኝ አካል እስኪያየው ድረስ ክብደት ሊኖረው ይችላል። ክብደቱን የሚሰጠው ሐሳቡ በምክንያት ተደግፎ መቅረቡ፣ ያልተቀበለውም ወገን በምክንያት መልስ የመስጠት ልማድ መኖሩ ነው።

ይህ ልማድ የተጻፈ መርህም አለው። በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች ማኅበር፣ የትምህርት ምክር ቤቱና የአስተዳደር ቦርዶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 በጋራ ባዘጋጁት የአስተዳደር መግለጫ፣ የሥርዓተ ትምህርት፣ የማስተማር ዘዴ፣ የምርምር፣ እንዲሁም የመምህራን ቅጥር፣ እድገትና ስንብት ቀዳሚ ኃላፊነት የመምህራኑ ነው ይላል። ቦርዱ ወይም ፕሬዚዳንቱ በነዚህ ጉዳዮች ከመምህራኑ አቋም የሚለዩት ከስንት አንዴ፣ ያውም ምክንያታቸውን ለመምህራኑ አሳውቀው መሆን አለበት። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1997 የከፍተኛ ትምህርት መምህራንን በሚመለከት ያጸደቀው የውሳኔ ሐሳብ መምህራን በአካዳሚክ አካላት ውስጥ አብላጫውን ተወካይ የመምረጥ መብት እንዳላቸው ይናገራል። ሁለቱም አስገዳጅ ሕግ አይደሉም። በደብዳቤ ላይ እንደ ተቀባይነት ያለው አሠራር ልትጠቅሷቸው ትችላላችሁ፤ ዲኑን ለመክሰስ ግን አይሆኑም።

አስገዳጁ ሕግ በየአገሩ በጣም ይለያያል። የጀርመን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1973 ማስተማርን በሚመለከቱ ጉዳዮች ፕሮፌሰሮች ቢያንስ ግማሹን ድምፅ፣ ምርምርንና የፕሮፌሰር ሹመትን በሚመለከቱት ደግሞ ከግማሽ በላይ ሊይዙ ይገባል ሲል ፈርዷል። ዴንማርክ በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው የዩኒቨርሲቲ ሕግ የበላይ ሥልጣኑን አብዛኞቹ አባላት ከውጭ ለሚመጡበት ቦርድ ሰጠች፤ ሬክተር በምርጫ መያዙ ቀርቶ በቦርዱ መሾም ጀመረ። ጃፓንም እ.ኤ.አ. በ2014 ሕጓን አሻሽላ የመምህራን ጉባኤ ሐሳቡን ለፕሬዚዳንቱ የሚገልጽ አካል እንዲሆን አድርጋለች። ሌላ ቦታ የሠራ ባልደረባ «እኛ ጋ ዲን እንዲህ ማድረግ አይችልም ነበር» ቢላችሁ እውነቱን ይሆናል፤ ለእናንተ ግን ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃችሁ የራሳችሁ ደንብ ነው።

ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ፕሮግራም ማዋሃድ ከፊሉ የትምህርት፣ ከፊሉ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ለመምህራን ደመወዝና ለቤተ ሙከራ ምን ያህል በጀት አለ የሚለውን አስተዳደሩ ከእናንተ የተሻለ ያውቃል፤ ተጠያቂውም እሱ ነው። ሁለቱ የትምህርት መስኮች በአንድ ዲግሪ ውስጥ ሳይጎዱ ሊቀመጡ ይችላሉ ወይ፣ ተመራቂው ከሙያው የሚጠበቅበትን ይዞ ይወጣል ወይ፣ የትኛው ኮርስ ቢወጣ የትኛው ይፈርሳል የሚለውን ደግሞ ከመምህራኑ በላይ የሚያውቅ የለም። ብዙ ኮሚቴዎች የሚሸነፉት በሁለተኛው ላይ አጥብቀው መሥራት ሲገባቸው በመጀመሪያው ላይ ሲከራከሩ ነው። ሪፖርታችሁን አውጡና አንብቡት። ስንት ገጹ ስለ በጀቱ ኢፍትሐዊነት ነው? ስንት ገጹስ ኮርስ ከኮርስ አስተያይቶ፣ ውህደቱ ከሁለተኛ ዓመት ወደ ሦስተኛ ዓመት የሚደረገውን ሽግግር የት ላይ እንደሚያቋርጠው ያሳያል?

የተማሪ ቁጥር መቀነስ የሚለውም ምክንያት ሊመረመር ይገባ ነበር። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች ማኅበር ለዩኒቨርሲቲዎች በአርአያነት ያቀረባቸው ደንቦች፣ ፕሮግራም በትምህርታዊ ምክንያት ሲዘጋ፣ የተማሪ ቁጥር ለጊዜው ወይም በዑደት ከፍና ዝቅ ማለቱ እንደ ትምህርታዊ ምክንያት አይቆጠርም ይላሉ። ትክክለኛ አቋም ነው ብዬ አምናለሁ፤ የአንድ ዓመት ቁጥር ይዞ ለማቋቋም ዓመታት የፈጀ ፕሮግራም ማፍረስ አይገባም። ስለዚህ ጠይቁ፤ የተቀነሰው አመልካች ነው፣ የተቀበላችሁት ነው ወይስ የተመረቀው? ምን ያህል ዓመት የታየ ነው? ቅነሳው በዚህ ፕሮግራም ብቻ የታየ ነው ወይስ በኮሌጁ ሁሉ? ተማሪው ወደ ሌላ ክፍል የተዛወረ ከሆነስ ከመጀመሪያ ዓመት ምደባ ጋር የተያያዘ አይሆንም? የሌላ ክፍል ተማሪዎች የሚወስዷቸው ኮርሶችስ በስሌቱ ገብተዋል? ብዙ ጊዜ «ተማሪ የለውም» የተባለ ክፍል በሌሎች ክፍሎች ተማሪዎች የተጨናነቀ ሆኖ ይገኛል። ይህን መረጃ ጠይቃችሁ ተከልክላችሁ ከሆነ መከልከላችሁ ራሱ በቃለ ጉባኤ መስፈር አለበት። ሳትጠይቁ ቀርታችሁ ከሆነ አሁን ጠይቁ።

ቃለ ጉባኤን ካነሳሁ አይቀር፣ ኮሚቴዎች ከሁሉ በላይ የሚጎዱት እዚህ ነው። ብዙ ቃለ ጉባኤ ላይ የሚገኘው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ያለ ነው፦ «በጉዳዩ ላይ ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ ሐሳቡ ተቀባይነት አላገኘም።» ይህን የሚያነብ ሴኔት ምን ያደርገዋል? ምን ላይ ሐሳብ ይሰጣል? አሁን ደግሞ ይህን ተመልከቱ፦ «ኮሚቴው ሁለቱን ሥርዓተ ትምህርቶች አነጻጽሮ፣ በውህደቱ ከሚቀሩት ኮርሶች መካከል የመስክ ልምምድ እንደሚገኝበትና ያለዚህ ኮርስ ተመራቂዎች የሙያ ፈቃድ መመዘኛን እንደማያሟሉ ተገንዝቧል። ስለሆነም የመስክ ልምምዱ በምን እንደሚተካ እስኪታወቅ ውህደቱ እንዲዘገይ የውሳኔ ሐሳብ አቅርቧል። ድጋፍ 7፣ ተቃውሞ 1፣ ድምፀ ተአቅቦ 1። የተቃወሙት አባል ምክንያት ተያይዟል።» ይህኛውን ወደ ጎን ለመተው የፈለገ ኃላፊ ስለ መስክ ልምምዱ አንድ ነገር መናገር ግድ ይሆንበታል። ማን ምን እንዳለ በስም መዘርዘር አያስፈልግም፤ ያ አባላትን ያስፈራል፣ የሚቀጥለውንም ስብሰባ ዝም ያሰኛል። ምክንያቶቹ፣ የታየው ሰነድ፣ የድምፁ ቁጥርና የአናሳው ሐሳብ ግን ሁልጊዜ መኖር አለባቸው።

አሁን ስለ መልቀቂያው። በጅምላ መልቀቅ ኃይል አለው የሚባለው ኮሚቴው ሳይኖር ሥራው ይቆማል ተብሎ ሲታሰብ ነው። አይቆምም። የሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴ ባዶ ቢሆን ዲኑ ጊዜያዊ ኮሚቴ ያቋቁማሉ፤ አባላቱንም የሚመርጡት እርሳቸው ናቸው። እናንተ ግን የተመረጣችሁ ነበራችሁ። የመረጧችሁን ባልደረቦች ሳትጠይቁ፣ እነርሱ የሰጧችሁን ወንበር ለተሿሚ ታስረክባላችሁ። ቃለ ጉባኤ የማየት፣ መረጃ በኮሚቴ ስም የመጠየቅ፣ አጀንዳ የማስያዝ መብታችሁም አብሮ ይሄዳል። አንድ ሳምንት ይወራለታል፤ ከዚያ በኋላ ውህደቱ ያለ አንድም ጥያቄ ይቀጥላል። መልቀቅ የሚገባበት ጊዜ የለም አልልም። ኮሚቴው ያላየውን ጉዳይ አይቶ እንዳጸደቀ ተደርጎ በስሙ ደብዳቤ ከወጣና እርማት ተጠይቆ እምቢ ከተባለ፣ ወይም ያልተካሄደ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ፈርሙ ከተባላችሁ፣ ያኔ ምክንያቱን ጽፎ መውጣት ተገቢ ነው። የእናንተ ሁኔታ ግን ከዚህ አልደረሰም።

የምመክረው ይህን ነው። ሰብሳቢያችሁ አስቸኳይ ስብሰባ ይጥሩ፤ እምቢ ካሉ ደንቡ አባላት ስብሰባ እንዲጠራ የሚጠይቁበትን መንገድ ያስቀምጥ እንደሆነ ተመልከቱ። በስብሰባው የድምፁን ጉዳይ አጥሩ፤ ሐሳቡ አላለፈም ከተባለም አትደንግጡ፣ በተሻለ ሐሳብ እንደገና ድምፅ ስጡ። ከዚያ ለዲኑ፣ በግልባጭ ለአካዳሚክ ኮሚሽኑ ጸሐፊ፣ አጭር ደብዳቤ ጻፉ። ቃላቱ ከዚህ ብዙም መራቅ የለባቸውም፦ «ኮሚቴው በዚህ ቀን ያቀረበው የውሳኔ ሐሳብ ያልተካተተበት ምክንያት በጽሑፍ እንዲገለጽልን፣ በተለይም በተያያዘው ሪፖርት በተዘረዘሩት ሦስት ነጥቦች ላይ የጽሕፈት ቤቱን አቋም እንድናውቅ እንጠይቃለን። ጉዳዩ በሕገ ደንቡ መሠረት ለሴኔት የሚቀርብ ከሆነ ሪፖርታችን ሳይቀነስ አብሮ እንዲቀርብ እናሳስባለን።» ሦስት ነጥብ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። አሥራ ሁለት ነጥብ ያለበት ደብዳቤ በቀላሉ ይመለሳል፤ ደካማው ነጥብ ተመርጦ ለእሱ ብቻ መልስ ይሰጣል። ስድብ፣ ግምት፣ የዲኑን ዓላማ መተርጎም አይግባበት። መልስ የምትጠብቁበትን ቀን ጥቀሱ፤ ያ ቀን ካለፈ በሴኔቱ ያሉ የኮሌጃችሁ ተወካዮች ጉዳዩን አጀንዳ ያስይዙ። ለይግባኝ የተወሰነ ጊዜ ካለ ደግሞ ከደብዳቤው ቀን ጀምሮ እየሮጠ ነው፤ መልስ እየጠበቃችሁ እንዳያልፋችሁ።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። የመጀመሪያው ምስጢራዊነትን ይመለከታል። የመምህራን እድገት፣ ቅጥርና ዲሲፕሊን ጉዳዮች በኮሚቴ ክፍል ውስጥ ይቀራሉ፤ ከዚያ ወጥተው ሰው ከተጎዳ ማንም አይመልሰውም። የሥርዓተ ትምህርት ፖሊሲ ክርክር ግን በመሠረቱ የባልደረቦች ሁሉ ጉዳይ ነው፤ የኮሚቴውን አቋምና ምክንያቱን ለመረጧችሁ ማሳወቅ ግዴታችሁ ነው። ረቂቅ ሰነድ ወይም የግለሰብ አባላትን ድምፅ ለተማሪዎች ማሰራጨት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጉዳያችሁን ያዳክማል። ሁለተኛው እርስዎን በግል ይመለከታል። ገና ሁለተኛ ዓመትዎ ነው፤ የማዕረግ እድገትዎም ወደፊት በእነዚሁ ኃላፊዎች እጅ ሊያልፍ ይችላል። ደብዳቤው በኮሚቴው ስም፣ በቃለ ጉባኤ በተደገፈ ውሳኔ፣ በሰብሳቢው ወይም በጸሐፊው ፊርማ ይውጣ። በግልዎ ስም አይጻፉ። ይህን ፍርሃት አይበሉት፤ ኮሚቴ የተፈጠረበት አንዱ ምክንያት ግለሰብ ብቻውን እንዳይጋፈጥ ነው።

ምን ልታገኙ ትችላላችሁ? ውህደቱ ሙሉ በሙሉ ይቀለበሳል ብዬ ተስፋ አልሰጥዎትም። ሥልጣኑ የሴኔት ሆኖ ካልተገኘ በቀር ብዙ ጊዜ አይሆንም። ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ ግን ይቻላል፤ እነዚህን በግልጽ ጠይቁ። አሁን በፕሮግራሞቹ ውስጥ ያሉ ተማሪዎች በገቡበት ሥርዓተ ትምህርትና በተመዘገቡበት የዲግሪ ስም ይጨርሱ። ለእነርሱ የሚያስፈልጉት ኮርሶች የመጨረሻው ተማሪ እስኪመረቅ ይሰጡ። የሁለቱም ክፍሎች መምህራን የአዲሱን ፕሮግራም ሥርዓተ ትምህርት በጋራ ይቅረጹት። የመጀመሪያዎቹ የአዲሱ ፕሮግራም ተማሪዎች ሲመረቁ ውጤቱ ይገምገም፤ ግምገማውም ወደዚሁ ኮሚቴ ይምጣ።

ከዚህ ጎን ለጎን የደንብ ማሻሻያ አዘጋጁ። ሁለት አንቀጽ ይበቃል። አንደኛው፣ የኮሚቴን የውሳኔ ሐሳብ የማይቀበል ኃላፊ በ30 ቀን ውስጥ ምክንያቱን በጽሑፍ ይገልጻል የሚል፤ ሁለተኛው፣ የአብላጫ ድምፅን ስሌትና ራስን ከጉዳይ ማግለልን በማያሻማ ቋንቋ የሚደነግግ። ዲኑ ራሳቸው ሊቃወሙት አይችሉም ማለት ይቻላል፤ ውሳኔያቸውን አይነጥቃቸውም፣ እንዲያስረዱ ብቻ ይጠይቃል። ማሻሻያው የሴኔት ዑደቱን ጠብቆ ይሂድ፤ ደብዳቤው ግን የሚቀጥለው ዓመት የተማሪዎች ምደባ ከመጠናቀቁ በፊት ጠረጴዛቸው ላይ ሊደርስ ይገባል፤ ተማሪዎች ከተመደቡ በኋላ ማንም ወደ ኋላ አይመለስላችሁም።